ጠይቁን፦ ዳርክ ኢነርጂ ደከመ ወይ? አንድሮሜዳስ መምጣቷን ተወችው?

ሰላም ነው የጠይቁን ቤተሰቦች! በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በብዛት ስለ ፊዚክስና ስለ ሥነ ፈለክ ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ የሚጀምሩት "ሳይንቲስቶች ጉድ አሉ የሚል ቪዲዮ አይቼ…" በሚል ነው። ቪዲዮውን ትተን ጥያቄውን እንመልስ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ ጨፍልቀናቸዋል፣ ረዣዥም ደብዳቤዎችንም አሳጥረናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ አደራ እንዳትደባልቁ።

ጥያቄ፦ "ዳርክ ኢነርጂ እየደከመ ነው፣ የአንስታይን ቲዎሪ ተሻረ ሲባል ሰማሁ። እኔ እንደውም ዳርክ ኢነርጂ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ደከመ ተባለ። እውነት ነው? ከሆነስ ምን ይፈጠራል?" (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ምን እንደሆነ ያልገባሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ስሙን ላወጡለትም ሰዎች እስካሁን አልገባቸውም። ነገሩ የጀመረው 1998 ላይ ነው። ሁለት ቡድኖች በጣም ሩቅ የፈነዱ ኮከቦችን (ሱፐርኖቫ የሚባሉትን) ብርሃን ሲለኩ ዩኒቨርስ መስፋቱ ብቻ ሳይሆን የሚሰፋበት ፍጥነት ራሱ እየጨመረ መሆኑን አዩ፣ ሁሉም ሰው የጠበቀው ግን ግራቪቲ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ቀስ እያለ ይሄዳል ብሎ ነበር። ፐርልሙተር፣ ሽሚትና ሪስ 2011 ላይ ኖቤል የወሰዱት በዚህ ነው። ያንን የሚገፋውን ነገር ዳርክ ኢነርጂ አሉት በቃ። በአሁኑ ስሌት ከዩኒቨርስ 68 ፐርሰንት ገደማ እሱ ነው፣ 27 ፐርሰንቱ ዳርክ ማተር (በግራቪቲው ብቻ የሚታወቅ፣ የማይታይ ነገር)፣ እኛ፣ ኮከቡ፣ ጋዙ፣ አተሙ ምናምን ተደምረን 5 ፐርሰንት።

ለዚህ በጣም ቀላሉ ማብራሪያ አንስታይን 1917 ላይ እኩልታው ውስጥ የጨመራት፣ በኋላ ደግሞ ራሱ የተዋት አንዲት ቁጥር ናት፣ ኮስሞሎጂካል ኮንስታንት ትባላለች። ምን ትላለች፣ ባዶ ቦታ ራሱ ኢነርጂ አለው፣ ቦታው ቢሰፋም ኢነርጂው አይሳሳም፣ ጊዜም አይለውጠውም። ላለፉት 25 ዓመታት ምናምን ዳታው ሁሉ ከዚች ቁጥር ጋር ተስማምቶ ነው የኖረው።

አሁን ወሬው የመጣው ዴዚ ከሚባል ፕሮጀክት ነው። አሪዞና፣ ኪት ፒክ ተራራ ላይ ያለ ባለ 4 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው፣ ላዩ ላይ 5,000 ትንንሽ ሮቦቶች አሉ፣ እያንዳንዱ ሮቦት አንድ ቀጭን የፋይበር ገመድ ይዞ አንድ ጋላክሲ ላይ ያነጣጥራል፣ ብርሃኑን ይሰበስባል፣ ከዛ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ወደ ሌላ 5,000 ጋላክሲ ይዞራል። እንዲህ እያለ በ3 ዓመት ዳታ ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ጋላክሲና ኳዛር (በጣም ደማቅ የሆነ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት) ርቀቱን ለካ። መለኪያው ራሱ ደስ የሚል ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። ዩኒቨርስ ገና ትኩስ ፕላዝማ እያለ በውስጡ የድምፅ ሞገድ ይሄድበት ነበር፣ ዕድሜው ወደ 380,000 ዓመት ሲደርስ ቀዘቀዘና ሞገዱ ባለበት ቀረ፣ ጋላክሲዎች ደግሞ ሞገዱ የቆመበት ርቀት ላይ ከሌላው ቦታ ትንሽ በዛ ብለው ተፈጠሩ። ያ ርቀት ዛሬ ወደ 490 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ስለዚህ በተለያየ ዘመን ያሉ ጋላክሲዎችን አይተሽ ይሄ ርቀት በየዘመኑ ስንት ሆኖ እንደሚታይ ብትለኪ ዩኒቨርስ በየትኛው ዘመን በምን ፍጥነት ሲሰፋ እንደነበር ታውቂያለሽ ማለት ነው።

እና ማርች 2025 ላይ ውጤቱን ሲያወጡ ምን ሆነ፣ የዴዚ ዳታ ብቻውን ሲታይ ከአንስታይን ቁጥር ጋር አይጣላም። ይሄንን አብዛኛው ቪዲዮ አይነግርሽም። ጠቡ የሚመጣው ዳታውን ዩኒቨርስ ያኔ ሲቀዘቅዝ ከለቀቀው ጥንታዊ ማይክሮዌቭ ብርሃንና ከሱፐርኖቫ ዳታ ጋር ስትደምሪው ነው፣ ያኔ ዳርክ ኢነርጂ ድሮ ጠንከር ያለ፣ አሁን ግን እየላላ የመጣ ይመስላል። ምን ያህል ይመስላል? ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ።

ሲግማ ከዚህ በታች ባሉት መልሶችም ስለሚመጣ አንዴ እናብራራው። አንድ ሳንቲም ወርውረሽ በተከታታይ ዘውድ ብቻ ቢወጣ ስንተኛው ላይ ነው "ይሄ ሳንቲም ተንኮል አለው" የምትይው? 3 ሲግማ ማለት በተከታታይ 9 ወይ 10 ጊዜ ዘውድ እንደመውጣት ነው፣ ይገርማል ግን ብዙ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ከሆነ አንዱ ጋ መድረሱ አይቀርም። 5 ሲግማ ደግሞ 22 ጊዜ ገደማ ነው፣ በዕድል የመሆን ነገሩ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ። ፊዚክስ ውስጥ "አገኘን" የሚባለው 5 ላይ ነው። 3 ላይ "ፍንጭ አለ" ይባላል፣ እና ባለ 3 ሲግማ ፍንጮች ሲተኑ ማየት የለመድነው ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ ከ2.8 እስከ 4.2 የሚለው ስፋት የመጣው የትኛውን የሱፐርኖቫ ካታሎግ ተጠቀምሽ በሚለው ነው፣ ሦስት ካታሎግ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። እኔን በግሌ ጥርጣሬ ውስጥ የሚከተኝ እሱ ነው። ካታሎጉ ሲቀየር መልሱ በዚህ ያህል ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ከሰማይ ይሁን ከአለካካት ገና አልተለየም። በሌላ በኩል ደግሞ የዴዚ የመጀመሪያ ዓመት ዳታ 2024 ላይ ያሳየው አዝማሚያ ዳታው ሲጨመር አልጠፋም፣ ጠነከረ እንጂ፣ ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዴዚ ራሱ መለካቱን ቀጥሏል፣ ጁላይ 2023 ላይ ወደ ህዋ የወጣው ዩክሊድ ቴሌስኮፕም አለ፣ ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪም ጁን 2025 ላይ የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል፣ ሁሉም ይሄንኑ ነገር በተለያየ መንገድ ይለካሉ።

"አንስታይን ተሻረ" የሚለውን ግን እርሺው። ቢረጋገጥ እንኳን የሚወድቀው ያቺ አንዷ ቁጥር ቋሚ ናት የሚለው ግምት ነው፣ የግራቪቲ ቲዎሪው ቦታው ላይ ነው። ምን ይፈጠራል ላልሽው ዳርክ ኢነርጂ እየላላ ከሄደ የዩኒቨርስ መስፋት ወደፊት ይረጋጋ ይሆናል፣ አንዳንዱ እንደውም ተመልሶ ይኮማተራል ይላል፣ ግን ያለፈውን በቅጡ ሳይለኩ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ወደፊት መተንበይ ለኔ ችኮላ ነው።

ጥያቄ፦ "የ9 ዓመት ልጄ አንድሮሜዳ የሚባል ጋላክሲ መጥቶ ይጋጨናል የሚል ነገር አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። 4 ቢሊዮን ዓመት ይቀራል ብለው አረጋጉልኝ ልል ነበር፣ እሱ ግን 'ቢሆንም' ይላል።" (እናት)

መልስ፦ "ቢሆንም" ያለውን ልጅ ወደድነው። እንግዲህ ለሱ ጥሩ ዜና አለን፣ ጨርሶ ላይጋጨን ይችላል።

አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ነው ያለችው፣ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ወደኛ እየቀረበች ነው፣ እዚህ ድረስ እውነት ነው። 2012 ላይ በሃብል ቴሌስኮፕ ወደ ጎን የምትሄድበትን ፍጥነት ሲለኩት በጣም ትንሽ ሆነባቸው፣ ስለዚህ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ መጋጨቱ አይቀርም ተባለ፣ ከዛ በኋላ መጽሐፉም ቪዲዮውም ይሄንኑ ሲደግም ኖረ። ጁን 2025 ላይ ግን በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ከሃብልና ከጋያ ሳተላይት የመጣውን አዲስ ዳታ ወስዶ፣ የልኬቶቹን ስህተት ሁሉ ጨምሮ፣ ወደ 100,000 ሲሙሌሽን ሰራ። የወጣው ምንድነው፣ በሚቀጥሉት 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመጋጨት ዕድሉ ወደ 50 ፐርሰንት ነው፣ ይጋጫል የተባለበት ከ4 እስከ 5 ቢሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የመሆኑ ነገር ደግሞ 2 ፐርሰንት ገደማ ብቻ።

ለምን ተቀየረ ቢሉ፣ ድሮ የሚያሰሉት የኛን ጋላክሲና አንድሮሜዳን ብቻ ይዘው፣ ቢበዛ ሦስተኛ ጋላክሲ ጨምረው ነበር። አጠገባችን ግን ትልቁ የማጂላን ደመና የሚባል ትንሽ ጋላክሲ አለ፣ እሱ የኛን ጋላክሲ ወደ ጎን ይጎትተዋልና ከአንድሮሜዳ መንገድ ዘወር ያደርገናል። ውለታ ዋለልን ብለን እንዳናመሰግነው ግን ራሱ በ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እኛው ውስጥ ገብቶ መዋሃዱ የማይቀር ነው ይላሉ። ልጅዎ ይሄን ሲሰማ ደግሞ "እሱስ?" ማለቱ አይቀርምና ይሄን ይንገሩት፦ ጋላክሲዎች ሲጋጩ ኮከቦቹ አይጋጩም። ለፀሐይ ቅርቡ ኮከብ እንኳን ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ዝም ብለው ይተላለፋሉ። የሌሊቱ ሰማይ ግን በጣም ያምር ነበር፣ የሚያየው ሰው ቢኖር።

(ለእናት ብቻ፦ ፀሐይ ራሷ ቀስ በቀስ እየደመቀች ስለምትሄድ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ምድር ላይ ውቅያኖስ አይተርፍም። ይሄን ለጊዜው አይንገሩት።)

ጥያቄ፦ "ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። የስበት ሞገድ የሚለካው መሣሪያ ከፕሮቶን አንድ ሺህኛ የሚያንስ እንቅስቃሴ ያያል ትላላችሁ። መስታወቱ ራሱ ከአተም የተሠራ ሆኖ ከአተም ያነሰ ነገር እንዴት ይለካል? እኔ ይሄን አላምንም።"

መልስ፦ ጋሼ፣ ባያምኑ አይፈረድብዎትም፣ ከፊዚክስ ሰዎችም መሃል ለዓመታት "አይሆንም" ያሉ ነበሩ። የጠየቁት ጥያቄም ትክክለኛው ጥያቄ ነው፣ የመስታወቱ አተሞች በሙቀት ምክንያት የሚንቀጠቀጡት ከሚለካው ርቀት በሚሊዮኖች እጥፍ ነው።

የስበት ሞገድ ማለት ግዙፍ ነገሮች ሲጋጩ ቦታን ራሱን እየለጠጠ የሚሄድ ሞገድ ነው፣ ሊጎ የሚባለው መሣሪያ የሚፈልገው መስታወት ላይ ሌዘር እያበራ ነው። መልሱ ምን መሰለዎት፣ ሌዘሩ አንድ አተም ላይ አይደለም የሚያርፈው። መስታወቱ ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ በርካታ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ስለዚህ የሚያየው ቁጥር ስፍር የሌላቸውን አተሞች አማካይ ቦታ ነው፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲል ይጣፋል። እርስዎም በሙያዎ ያውቁታል፣ አንድ ልኬት ጫጫታ ካለው ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መውሰድ ነው፣ እዚህ ደግሞ የሚደጋገመው ቁጥሩ ለጉድ ነው። ሊጎ ሁለት ቦታ ነው ያለው፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሃንፎርድና ሉዊዚያና ውስጥ ሊቪንግስተን፣ እያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት፣ አንዱ ለአንዱ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ። ብርሃኑ ክንዱ ውስጥ 300 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፣ ስለዚህ 4 ኪሎ ሜትሩ እንደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሰራል። መስታወቶቹ እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ናቸው፣ ከመስታወት በተሰራ ቀጭን ክር ተንጠልጥለው በቫኪዩም ውስጥ ነው ያሉት። ከሁለቱ ክንዶች የሚመለሰው ብርሃን ሲገናኝ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ተደርጎ ነው የተስተካከለው፣ አንዱ ክንድ ከሌላው ቅንጣት ያህል ከረዘመ ያልጠፋ ብርሃን ሾልኮ ይወጣል፣ የሚለካው እሱ ነው። ርቀት ለካን ይባላል እንጂ በተግባር የሚለካው የብርሃን መጠን ነው።

"እሺ ሲግናል ታየ፣ ግን መኪና አልፎ ቢሆንስ?" ይላሉ መቼም። ለዚህ ነው ሁለት የሆነው፣ በመሃላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር አለ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 የመጀመሪያው ሲግናል ሲመጣ መጀመሪያ ሊቪንግስተን ታየ፣ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ያው ራሱ ቅርፅ ሃንፎርድ ታየ፣ በብርሃን ፍጥነት የሚሄድ ነገር መሃላቸውን ለማለፍ ቢበዛ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚፈጅበት፣ ልክ ይገባል። ከዛ በፊት ደግሞ 2010 ላይ የሰሩትን ልንገርዎት፣ እኔ በጣም የምወዳት ታሪክ ናት። ጥቂት ሰዎች ብቻ እያወቁ ዳታው ውስጥ የውሸት ሲግናል በድብቅ አስገቡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት ተመራማሪዎች አገኙት፣ ለወራት ተነተኑት፣ ጽሑፉን ጽፈው ለመላክ አዘጋጁ፣ ከዛ ማርች 2011 ላይ "እኛ ነን ያስገባነው" ተባሉ። ምን ያህል እንደተናደዱ አስቡት! ግን ቡድኑ እውነተኛውን ሲያገኝ አካሄዱ ተፈትኖ ነበር ማለት ነው፣ 2015 ላይም መጀመሪያ የተጠየቀው "ማን ነው ያስገባው?" የሚል ነበር፣ ማንም አልነበረም።

አሁንም ካላመኑ ኦገስት 17 ቀን 2017ን ይመልከቱ። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (የሞቱ ትልልቅ ኮከቦች የተዉት በጣም የታመቀ እምብርት) ሲጋጩ የመጣው ሞገድ ተሰማ፣ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የሚባለው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ አየ፣ ሞገዱ ወዳመለከተው የሰማይ ክፍል ቴሌስኮፖች ዞሩ፣ 11 ሰዓት ያህል ቆይተው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ጋላክሲ ላይ ከዛ በፊት ያልነበረ የብርሃን ነጥብ አገኙ። የብርሃኑ ትንተና እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እዛ ሲፈጠሩ እንደነበር አሳየ። ከሊጎ ጋር ምንም የማይገናኙ መሣሪያዎች ናቸው ይሄን ያዩት፣ ጨረሩንም ብርሃኑንም ሊጎ ሊፈጥረው አይችልም።

ዛሬ የተመዘገቡት ግጭቶች ወደ 300 ደርሰዋል። ከሁሉም የጠራው ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 የመጣው ነው፣ ከ2015ቱ በ3 እጥፍ ገደማ የጠራ ነበር። ሁለቱ ብላክ ሆሎች ከመዋሃዳቸው በፊት ጠቅላላ የገጽ ስፋታቸው 240,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከተዋሃዱ በኋላ 400,000 አካባቢ ሆኖ ተለካ። ስቲቨን ሆኪንግ 1971 ላይ "የብላክ ሆል የገጽ ስፋት በድምሩ መቀነስ አይችልም" ያለውን ነው በዳታ ያዩት፣ እሱ ግን 2018 ላይ አርፏል።

ጥያቄ፦ "ሴርን ያለው ማሽን ብላክ ሆል ፈጥሮ ምድርን አይውጥም ወይ? መልሱልኝና ልተኛ።"

መልስ፦ ተኛ። ሴርን (የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው የፊዚክስ ላብ) ፕሮቶኖችን የሚያጋጨው በ13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ኤሌክትሮን ቮልት የፓርቲክሎች ኢነርጂ መለኪያ ነው። ከህዋ የሚመጡ ኮስሚክ ሬይስ ደግሞ ከባቢ አየራችንን ከዚህ በላይ በሆነ ኢነርጂ ሲመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ሆኗቸዋል፣ 1991 ላይ የተመዘገበው ትልቁ ግጭት ብቻ ከሴርኑ በ50 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ምድርም አለች፣ ጨረቃም አለች።

ጥያቄ፦ "ከሌላ ኮከብ የመጣ የተባለው ኮሜት 3አይ አትላስ የባዕድ ፍጡሮች መርከብ ነው የሚሉ አሉ፣ ምን ትላላችሁ?"

መልስ፦ ኮሜት ነው እንላለን። ጁላይ 1 ቀን 2025 ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ አገኘው፣ ከ2017ቱ ኦሙዋሙዋና ከ2019ኙ ቦሪሶቭ ቀጥሎ ከሌላ የኮከብ ስርዓት ሲመጣ ያየነው ሦስተኛ ነገር ነው። ከውጭ መምጣቱ የታወቀው በፍጥነቱ ነው፣ በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞ ነው የመጣው፣ የፀሐይ ግራቪቲ ይዞ ሊያስቀረው አይችልም። ጋዝና አቧራ ያወጣል፣ ጅራት አለው፣ የጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ ከውሃ ይልቅ ካርቦንዳይኦክሳይድ በብዛት እንደሚወጣበት አይቷል፣ ለኔ ከመርከቡ ወሬ ይሄ ይበልጥብኛል፣ የሌላ ኮከብ ሰፈር በረዶ ከምን እንደተሰራ እያሸተትን ነው ማለት እኮ ነው። ለምድር በጣም የቀረበው ዲሴምበር 19 ቀን 2025 ሲሆን ያኔም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር።

ጥያቄ፦ "2021 ላይ ሙዮን የሚባል ፓርቲክል ፊዚክስን ሊገለብጥ ነው ተብሎ ዓለም ተናውጦ ነበር። ከዛ ድምፁ ጠፋ። የት ደረሰ?"

መልስ፦ ይሄን የጠየቅከው ወንድማችን ተባረክ፣ ወሬ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው።

ሙዮን የኤሌክትሮን ታላቅ ወንድም ነው፣ በ207 እጥፍ ይከብዳል፣ ዕድሜው ግን 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ስትከተው ዘንጉ ይዞራል፣ የሚዞርበት ፍጥነት ደግሞ በባዶው ቦታ ብቅ ጥልቅ በሚሉ ፓርቲክሎች ሁሉ ይነካል። ስለዚህ እስካሁን ያላወቅነው ፓርቲክል ካለ እዚህ ላይ አሻራውን ይተዋል የሚል ተስፋ አለ። 2001 ላይ ኒውዮርክ ያለው ብሩክሄቨን ላብ አሁን ካለው የፓርቲክል ፊዚክስ ቲዎሪ የሚለይ ቁጥር አገኘ። ይሄን ለማጣራት 15 ሜትር ስፋት ያለውን የማግኔት ቀለበት 2013 ላይ ሳይፈቱት ከኒውዮርክ ኢሊኖይ ድረስ በጀልባና በመኪና አጓጓዙት፣ ፌርሚላብ የሚባል የፊዚክስ ላብ ገባ። ኤፕሪል 7 ቀን 2021 የፌርሚላብ የመጀመሪያ ውጤት ወጣ፣ ከድሮው ጋር ገጠመ፣ ከቲዎሪው ያለው ልዩነት 4.2 ሲግማ ደረሰ። ዓለም የተናወጠው ያኔ ነው።

ግን ዓለም ያላየው ነገር፣ በዛው ቀን ሌላ ጽሑፍም ወጥቶ ነበር። የቲዎሪውን ቁጥር ለማስላት በጣም የሚያስቸግረው የኳርኮችና የግሉኦኖች (ፕሮቶን የተሠራባቸው ፓርቲክሎች) ድርሻ ነው። የቆየው መንገድ ከሌላ ሙከራ (ኤሌክትሮንና የሱን ተቃራኒ መንታ ፖዚትሮንን ከማጋጨት) የተገኘ ዳታን ማስገባት ነው፣ ሌላ ቡድን ደግሞ በሱፐር ኮምፒውተር ከመሰረቱ አሰላው፣ የሱ ቁጥር ከሙከራው ጋር ይቀራረባል። እና ሁለት ቲዎሪ ሁለት መልስ፣ ማንን ማመን ነው? ለአራት ዓመት ሌሎች ቡድኖች በኮምፒውተር በየራሳቸው አሰሉ፣ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፣ በዚህ መሃል 2023 ላይ ኖቮሲቢርስክ ያለ ሙከራ ያወጣው አዲስ ዳታ ከድሮዎቹ ዳታዎች ጋር አልገጥም አለ። በመጨረሻ 2025 ላይ የቲዎሪ ሰዎቹ የኮምፒውተሩን ስሌት ይዘው አዲስ ቁጥር አወጡ፣ ጁን 3 ቀን 2025 ደግሞ ፌርሚላብ የመጨረሻ ውጤቱን አወጣ፣ ከቢሊዮን 127 ክፍል ትክክለኛነት ያለው፣ ከታቀደው በላይ የጠራ ልኬት። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከ1 ሲግማ በታች ሆኖ ቁጭ።

ስለዚህ የሙከራው ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተነቃነቀም፣ የተንቀሳቀሰው ቲዎሪው ነው። ጉዳዩ ግን ተዘጋ ማለት አይደለም፣ የቲዎሪው ስህተት አሁንም ከሙከራው በ4 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ የኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ዳታዎቹም ለምን እርስ በርስ እንደማይስማሙ ማንም በቅጡ አላስረዳም። እኔን ብትጠይቀኝ ከአዲስ ፓርቲክል ይልቅ እዛ ላይ ነው የምቆፍረው።

ጥያቄ፦ "ባሕር ስር የተገኘው ሪከርድ የሰበረ ኒውትሪኖ ከየት መጣ? ደግሞ ኒውትሪኖ ክብደት አለው ይባላል፣ ስንት ነው?" (ከሁለት አንባቢዎች የተደመረ)

መልስ፦ ከየት ለሚለው አጭሩ መልስ፣ አልታወቀም። ረዥሙ ግን ያዝናናል።

የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ 1930 ላይ ኒውትሪኖን፣ ማለትም ቻርጅ የሌለውን በጣም ቀላል ፓርቲክል፣ ሲያስብ ማንም አያገኘውም ብሎ ነበር የሰጋው፣ 1956 ላይ ግን ሬይንስና ካዋን ከኒውክሌር ሪአክተር አጠገብ አገኙት። ችግሩ ከምንም ነገር ጋር አለመነካካቱ ነው። ከፀሐይ ብቻ የሚመጣው በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ በየሰከንዱ 65 ቢሊዮን ያልፋል፣ ይሄን ስታነቡም በናንተ በኩል እያለፈ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ምድርን አቋርጦ በእግራችሁ በኩል ይመጣል። ለመያዝ ያለው ዘዴ በጣም ትልቅ ነገር ዘርግቶ መጠበቅ ነው፣ ደቡብ ዋልታ ላይ አይስኪዩብ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በረዶ ውስጥ ከ5,000 በላይ የብርሃን ሴንሰሮችን ቀብሯል፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ደግሞ ኬኤም3ኔት የሚባለው ከሲሲሊ ደሴት ወጣ ብሎ 3,450 ሜትር ጥልቀት ላይ እየተተከለ ነው።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2023 ኬኤም3ኔት ገና ግማሹ እንኳን ሳይሰራ አንድ ሙዮን ወደ ጎን ጥሶት አለፈ፣ ሴንሰሮቹን አጥለቀለቃቸው። ወደ ጎን መሆኑ ወሳኝ ነው፣ ከላይ ቢሆን ከከባቢ አየር የመጣ ተራ ሙዮን ነው ትላለህ፣ ወደ ጎን ግን ያንን ሁሉ ውሃና አለት አቋርጦ የሚመጣ ሙዮን የለም፣ እዛው አጠገብ ኒውትሪኖ ፈጥሮት መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ሲያጣሩ ቆይተው ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ይፋ አደረጉት፣ የኒውትሪኖው ኢነርጂ 220 ፔታ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ተገመተ፣ ከዛ በፊት ከተያዙት ሁሉ በ30 እጥፍ ያህል፣ የሴርን ማሽን ለአንድ ፕሮቶን ከሚሰጠው ደግሞ በ30,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። የመጣበት አቅጣጫ ላይ ቁሳቁስ የሚውጡ ግዙፍ ብላክ ሆሎች ያሏቸው ጋላክሲዎች አሉ፣ እሱ ነው ብሎ ጣት የሚቀሰርበት ግን የለም። የሚያናድደው ነገር አይስኪዩብ ከሱ የሚበልጥ ስፋት ይዞ ብዙ ዓመት ጠብቆ እንዲህ ያለ አላየም፣ ስለዚህ ወይ ኬኤም3ኔት በጣም ዕድለኛ ነው፣ ወይ የሆነ ያልገባን ነገር አለ። አንድ ኒውትሪኖ ይዞ ከዚህ በላይ መናገር አይቻልም፣ ሁለተኛውን መጠበቅ ነው።

ክብደቱን በተመለከተ አዎ አለው። ድሮ ዜሮ ነው ይባል ነበር፣ 1998 ላይ ጃፓን ያለው ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ ከዛ ካናዳ ያለው ኤስኤንኦ ኒውትሪኖዎች በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን እንደሚቀይሩ አሳዩ፣ ዜሮ ክብደት ያለው ነገር ደግሞ እንዲህ ሊቀያየር አይችልም፣ ካጂታና ማክዶናልድ በዚህ 2015 ላይ ኖቤል ወሰዱ። ስንት ነው ለሚለው ጀርመን፣ ካርልስሩኸ ያለው ካትሪን የሚባል ሙከራ 2025 ላይ ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም ብሏል (የፓርቲክል ክብደትም በዚሁ የኢነርጂ መለኪያ ይነገራል)። ኤሌክትሮን 511,000 ነው፣ ስለዚህ ኒውትሪኖ ከኤሌክትሮን በሚሊዮን እጥፍ በላይ ይቀላል ማለት ነው፣ ለምን ይሄን ያህል ቀለለ የሚለውን አሁን ያለው ቲዎሪ አይመልስም።

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። ሦስት የክብደት ደረጃዎች አሉ፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ ግን አልታወቀም። ለዚህ ብሎ ቻይና ጁኖ የሚባል ሙከራ ሰርታለች፣ 700 ሜትር መሬት ስር፣ 20,000 ቶን ብልጭ የሚል ፈሳሽ የያዘ 35 ሜትር ስፋት ያለው ሉል፣ ከሁለት የኒውክሌር ጣቢያዎች 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ። ኦገስት 2025 ላይ ዳታ መሰብሰብ ጀመረ፣ በ59 ቀን ዳታ ብቻ ኖቬምበር ላይ ሁለት የኒውትሪኖ ቁጥሮችን ከድሮዎቹ ሙከራዎች ሁሉ ድምር በተሻለ ለካ። ደረጃውን በ3 ሲግማ ለመለየት ግን ከ6 ዓመት በላይ ዳታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ይሄን ጥያቄ የላካችሁት ሁለታችሁ 2032 አካባቢ ድጋሚ ላኩልን።